ጀርባ መስጠትን በጎ ነገር ያደረጉልን አቶ በየነ ገሜዳ
(1951–2017 ዓ.ም.)

አቶ በየነ ገሜዳ ከአባታቸው ከአቶ ገሜዳ ቱሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌማርያም ወልዴ በኅዳር ወር 1951 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ኮልፌ ተወለዱ። አባታቸው ከሆለታ አካባቢ የመጡ አናጺ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ የእነዋሪ ሰው ነበሩ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ የልጃቸውን ጠባይ ሲያወሩ፣ «በየነ የተወለደ ቀን ከማልቀሱ በፊት ዙሪያውን ቃኘ» ይሉ ነበር። እውነትም አቶ በየነ አንድ ነገር ከመጀመራቸው በፊት ረጋ ብለው ዙሪያቸውን የሚቃኙ ሰው ሆነው አደጉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ኮልፌ በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። የሁለተኛ ደረጃን በመማር ላይ እያሉ አባታቸው በማረፋቸው ከትምህርት ሰዓት ውጪ በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው መሥራት ጀመሩ። እንዲያም ሆኖ በ1970 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በ1972 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በአሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ነዱ። ያ መንገድ ሙቀቱም ቁልቁለቱም ሰውን የሚፈትን ነበር። እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ ዓመት መኪና አለመገልበጣቸውን ለሚያደንቅላቸው ሰው፣ «ገደሉን አላየውማ! መንገዱን ነው የማየው» ብለው ይመልሱ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. በኮልፌ አንድ ጓደኛቸው ቤት ውስጥ ጌታ ኢየሱስን የግል አዳኛቸው አድርገው ተቀበሉ። ዘመኑ አማኞች መስኮት ዘግተው በሹክሹክታ የሚዘምሩበት ነበር። አቶ በየነ ስለዚያ ጊዜ ሲመሰክሩ፣ «ሰው ሳያየኝ መዘመርን የተማርኩት ያኔ ነው» ይሉ ነበር። ይህ አነጋገራቸው ኋላ በሕይወታቸው ውስጥ ትልቅ ቦታ ስለሚይዝ እዚህ ላይ ጠቅሰነዋል።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኮከብ ፀሐዬ ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። ሠርጉ በቤት ውስጥ የተደረገ ትንሽ ሠርግ ነበር። ከዚህ ጋብቻ ሆሳዕናን፣ ዮኤልንና ራዕይን አፍርተዋል። ወይዘሮ ኮከብ በነርስነት፣ አቶ በየነ በሾፌርነት፣ ኋላም በአሰልጣኝነት እየሠሩ ቤታቸውን ቤቴል ሠርተው በ1990 ዓ.ም. ገቡ።

አቶ በየነ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ጦር ኃይሎች አካባቢ በሚገኝ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ውስጥ አሰልጣኝ ነበሩ። በኮልፌና በቤቴል የእሳቸው ለማጅ ያልነበረ ሾፌር ማግኘት ያስቸግራል። የለማጅ መኪና በአሰልጣኙ በኩል ተጨማሪ ፍሬን አለው። እሳቸው እግራቸውን ከዚያ ፍሬን አርቀው፣ ለማጁ እንዲያይ አድርገው ያስቀምጡ ነበር። «እግሬ ፍሬኑ ላይ ካለ አላመንኩህም ማለት ነው» ይሉ ነበር። ለማጁ ቦይ ፈርቶ ዓይኑን ቦዩ ላይ ሲተክል ደግሞ፣ «ወዳየህበት ነው የምትሄደው። ቦዩን አትየው፤ አስፋልቱን እየው» ማለት ልማዳቸው ነበር። ፍሪሲዮን በድንገት ለቆ መኪናዋን ላዘለላት ተማሪ ሳቅ እንጂ ቁጣ አልነበራቸውም።

ከለማጆቻቸው አንዱ በኮልፌ የፍራሽና የስፖንጅ ነጋዴ የሆኑት አቶ ሀያቱ አነስ ነበሩ። አቶ ሀያቱ በጎልማሳነታቸው መንዳት ሲማሩ መሪውን እንደ ገመድ ይጨብጡት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ፈተናውን ባለፉ ማግስት አቶ በየነን በራሳቸው መኪና አሳፍረው በአቅራቢያው ወደሚገኘው የጎልፍ ሜዳ ይዘዋቸው ሄዱ። ጎልፍን ከአንድ ደንበኛቸው ተምረው ይወዱት ነበርና፣ «በዬ፣ አንተ መኪና አስተማርከኝ፤ እኔ ደግሞ መናደድ ላስተምርህ» አሏቸው። አቶ በየነ ዱላውን ተቀብለው፣ ሜዳውን ቃኝተው የመጀመሪያዋን ኳስ መቱ። ኳሷ ዛፎቹን አልፋ ሄደች። የሁለቱ ወዳጅነት ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሞት እስኪለያቸው ድረስ ዘልቋል።

አቶ በየነ ለጎልፍ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። በጎልፍ የሚያሸንፈው ኳሷን በጥቂት ምት ከቀዳዳው የሚያስገባ ሰው ነው። እሳቸው ደግሞ ረጅሙን ርቀት በኃይል፣ የአሸዋውን ቦታ በብልኀት፣ ቀዳዳው አጠገብ ያለችውን አጭር ምት በእርጋታ ይጫወቱ ነበር። የጓደኛቸው ኳስ ሣር ውስጥ ስትገባና ጓደኛቸው በእግሩ ገፋ ሊያደርጋት ሲከጅል፣ «ካረፈችበት ነው የምትመታው ሀያቱ፤ ሕይወትም እንደዚያው ናት» ይሉ ነበር። አቶ ሀያቱም፣ «ስብከቱን ለእሁድ አቆየው፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው!» ብለው ይመልሱላቸዋል።

በ2001 ዓ.ም. የሜዳው የዓመት ዋንጫ ውድድር ሲደርስ አቶ በየነ በቤተ ክርስቲያን በምስክርነት ሰዓት ተነሥተው ጸሎት ጠየቁ። ጉባኤው ለጋስ ነው። በእማማ አያንቱ የሚመራው የእናቶች የጸሎት ኅብረት ጾም አወጀ። በውድድሩ የመጨረሻ ቀን ደግሞ መዘምራኑ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ እናቶችም ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሚኒባስ ሆነው ጎልፍ ሜዳው በር ላይ ደረሱ። የበሩ ጠባቂ ግራ ተጋብቶ፣ «እንዴ! ሠርጉ የማን ነው?» ብሎ እንደጠየቀ እስከ ዛሬ ይወራል።

በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ከአቶ በየነ ጋር የተፎካከሩት ሌላ ሰው ሳይሆኑ አቶ ሀያቱ ነበሩ። አቶ ሀያቱ ጨርሰው ቆመዋል። ለአቶ በየነ የቀረቻቸው ልጅ እንኳ የማይስታት አንዲት አጭር ምት ናት፤ ብትገባ ዋንጫው የእሳቸው ነው። ጉባኤው ዙሪያውን ቆሞ እጆቹን አጣምሮ ይመለከታቸዋል። ዱላቸውን ሊያነሡ ሲሉ እማማ አያንቱ ቀስ ብለው፣ «ጌታ ሆይ፣ አታሳፍረን» ሲሉ ሰሙ። በዚያች ቅጽበት የአቶ በየነ እጅ ፍሪሲዮን በድንገት እንደተለቀቀባት መኪና ዘለለ። ኳሷ ቀዳዳውን አልፋ ሄደች። ሲመልሷትም በሌላው ጎን አለፈች። ዋንጫውን አቶ ሀያቱ ወሰዱ፤ ወስደውም ደስ አላላቸውም።

ወደ ቤቴል ሲመለሱ በሚኒባሱ ውስጥ የዘመረ የለም። እማማ አያንቱ ብቻ የአቶ በየነን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ጾሙ አጥሮብን ይሆናል» አሉ። ይህን ያሉት ለማጽናናት ነበር። ለአቶ በየነ ግን ከሽንፈቱ ይልቅ የከበደው ይህ ቃል ሆነ። እሳቸው ኳስ ስለሳቱ እነዚያ እናቶች ጸሎታቸውን ተጠራጠሩ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አቶ በየነ ረጅሙን ምት እንደ ቀድሞው ይመታሉ፤ ቀዳዳው አጠገብ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይዘላል። ዱላ ቀየሩ፤ በግራ እጃቸው ሞከሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መቱ፤ በልባቸው መዝሙር እየዘመሩም መቱ። ምንም ለውጥ አልመጣም። አቶ ሀያቱ፣ «ስለምታስበው እኮ ነው፤ አታስበው» ሲሏቸው፣ «ላለማሰብ ሳስብ ባሰብኝ» ብለው ይመልሱ ነበር። በጉባኤም ወሬ አልጠፋም። አንዳንዱ እምነት አነሳቸው አለ፤ አንዳንዱ መንፈስ ነው አለ። ፓስተር ደመቀና ሽማግሌዎች አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው እጃቸውን ዘይት ቀብተው ጸለዩላቸው። አቶ በየነ በክብር ተቀብለው ዘይቱን ሳይጠርጉ ሜዳ ወረዱ። ዱላው ሙልጭ ብሎ ከእጃቸው ወጥቶ ዛፍ ሥር ወደቀ። አቶ ሀያቱም፣ «በዬ፣ ዛሬ ለንግሥና የተቀባኸው አንተ ነህ ወይስ ዱላው?» ብለው አሳቋቸው። አቶ በየነ ከልባቸው ሳቁ። ነገር ግን ቤታቸው ሲገቡ ለወይዘሮ ኮከብ፣ «ጎልፉስ ይቅር። ለምስክርነት መነሣት አለመቻሌ ነው የሚያሳስበኝ» አሏቸው። እውነትም ከዚያ ውድድር ወዲህ በምስክርነት ሰዓት ተነሥተው አያውቁም ነበር። በጉባኤው ዓይን ፊት መቆም እንደ አጭሯ ምት ሆኖባቸው ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከሥራቸው ነው። በ2004 ዓ.ም. ፈትያ የምትባል ለማጅ ነበረቻቸው። ፈትያ በልምምድ ጊዜ ወደ ኋላ እየነዳች ፓርክ ስታደርግ መኪናዋን እንደ መርፌ ታስገባታለች። በፈተና ቀን ግን ታላቅ ወንድሟ አጥሩ ጋ ቆሞ ስለሚያያት የፓርኩን ወሰን የሚያሳዩትን እንጨቶች ሁሉ ትገጫለች። ሁለት ጊዜ ወድቃ ለሦስተኛ ስትቀርብ አቶ በየነ ወደ ወንድሟ ሄዱ።

«የእኔ ልጅ፣ እባክህ ሂድና ሻይ ጠጣ።»

«ላበረታታት ብዬ ነው እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። መውደድህ ነው የከበዳት። መሄድ ካልቻልክ ዙርላት።»

«ልዙር? እህቴ ላይ ጀርባዬን ላዙር?»

«አዎ፣ ጀርባህን ስጣት። ብትስት ፊትህን አታይም። ያኔ አትስትም።»

ወንድሟ እየተገረመ ዞረ። ፈትያ አለፈች። በደስታ እልል ስትል አቶ በየነ ግን ባዶዋ የለማጅ መኪና ውስጥ ገብተው ብቻቸውን ተቀመጡ። ለልጅቷ ወንድም የተናገሩት ቃል ለራሳቸው እንደነበረ ገባቸው። እሳቸውን ያስፈራቸው ኳሷን መሳት አልነበረም፤ ከሳቱ በኋላ የሚያዩት የሚወዷቸው ሰዎች ፊት ነበር። ዓይናቸው ቀዳዳው ላይ የተተከለ ቢመስልም ልባቸው የሚያየው ዙሪያውን የቆሙትን ሰዎች ነበር፤ ሰው ደግሞ ወዳየበት ነው የሚሄደው።

በቀጣዩ እሁድ በምስክርነት ሰዓት ተነሡ። «ወገኖቼ፣ ጸሎታችሁ ከብዶኛል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳሸንፍ አትጸልዩልኝ» አሉ። ፓስተር ደመቀ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እማማ አያንቱ ከፊት ወንበር ሆነው፣ «ታዲያ ምን ብለን እንጸልይልህ?» አሏቸው። «ብስትም ያው በየነ እንድሆን ጸልዩልኝ፤ እናንተም ጌታን እንዳትጠራጠሩ። ደግሞ ብትመጡልኝ ደስ ይለኛል። አጭሯን ስመታ ግን ጀርባችሁን ስጡኝ።» ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። እማማ አያንቱም፣ «ይቺማ ምን ጾም ያስፈልጋታል! ወገባችን እስኪቆረጥ እንዞርልሃለን» አሉ።

በ2005 ዓ.ም. የዓመቱ ዋንጫ ላይ ያ ሚኒባስ እንደገና መጣ። አቶ በየነ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ለአጭሯ ምት ሲቆሙ መዘምራኑ፣ እናቶችና ፓስተሩ ሁሉ አንድ ላይ ዞረው ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አደረጉ። ሌሎቹ ተጫዋቾች ተቀይመው የዞሩ መስሏቸው ተደናግጠው ነበር። አቶ በየነ ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ ቀዳዳውን አንድ ጊዜ አዩ፤ መቱ። ወዲያው ትልቅ ሳቅ ተሰማ። የዞረው ጉባኤ ሳቁን ሲሰማ ኳሷ የገባች መስሎት በአንድ ድምፅ «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ሲሉ ኳሷ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች፤ አልገባችም ነበር። አቶ በየነ ግን ሳቃቸውን ማቆም አቅቷቸው አቶ ሀያቱን አቅፈው፣ «ሳትኩ! እጄ ግን አልዘለለችም! አየህ? አልዘለለችም!» ይሉ ነበር። በዚያ ውድድር ሦስተኛ ወጡ። በዘመናቸው ሁሉ እጅግ የኮሩበት ቀን የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ ይህን ቀን ይጠሩ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን ወሰዱ። ያን ቀን የፓስተሩ ልጅ ሠርግ ስለነበረ ከጉባኤው አንድም ሰው ሳያያቸው አሸነፉ፤ ምስክራቸው አቶ ሀያቱ ብቻ ናቸው። ዋንጫው ዛሬም ቤታቸው አለ፤ ወይዘሮ ኮከብ የልብስ መቆንጠጫ ያስቀምጡበታል።

ጀርባ መስጠት በአገራችን የመቀየም ምልክት ነው። በአቶ በየነ ቤት ግን የፍቅር ምልክት ሆኖ ቀረ። ዮኤል ለፈተና ሲሄድ፣ ራዕይ በመዘምራን ፊት ብቻዋን ልትዘምር ስትለማመድ፣ «ጀርባ እንስጥህ? ጀርባ እንስጥሽ?» ይባላል። ጎረቤትም ጉባኤውም ወረሰው። የማሰልጠኛው ተማሪዎች ወላጆችም በፈተና ቀን አጥሩ ጋ ጀርባቸውን አዙረው ሲቆሙ ይታይ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የአቶ በየነ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤተሰቡ የድሮው ነገር የተመለሰ መስሎት ደነገጠ። ምርመራ ሲደረግላቸው ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ ሕመም መሆኑ ታወቀ። እሳቸው ግን ሐኪሙ ከመንገሩ በፊት፣ «ይቺኛዋ መንቀጥቀጥ የእኔ አይደለችም። የእኔዋን አውቃታለሁ፤ እሷ ከሰው ዓይን ነበር የምትመጣው። ይቺ ብቻዬን ስሆንም አለች» ብለው ነበር። ሕመማቸውንም እንደ ኳሳቸው ካረፈበት መቱት። አቶ ሀያቱ በየቅዳሜው እየመጡ ሜዳ ይወስዷቸው ነበር። ረጅሙ ምት ሲያቅታቸው አጭሯን ብቻ ይመቱ ነበር። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ኳሷን ሲያስገቡ፣ «እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እኔ አልንቀጠቀጥም» ይሉ ነበር። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላም ሆሳዕና አባቷ ማንኪያ ይዘው ለመጉረስ ሲታገሉ አይታ ዓይኗ እንባ ሲሞላ፣ «ዙሪልኝ እንጂ ልጄ» ይሏት ነበር። እሷም ትዞራለች፤ እሳቸውም ራሳቸው ይጎርሳሉ።

አቶ በየነ በደረሰባቸው የሳንባ ምች ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታቸው ተሰበሰቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከብ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንደ ልጅ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ ቀዳማዊ፣ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው፣ ወንድም የሆኗቸው አቶ ሀያቱ አነስ፣ መንገዱን ያሳዩዋቸው ለማጆቻቸውም ሁሉ ዛሬ እዚህ ቆመዋል። ፈትያም ከአዋሳ ራሷ እየነዳች መጥታለች።

የዘላለም አባት ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ቦታ ያኑር፤ ለወይዘሮ ኮከብና ለልጆቻቸው ከሰው የማይገኘውን መጽናናት ይስጥ፤ ለቅሶ የደረሳችሁትን ሁሉ በደስታ ቀን ያገናኘን።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለ። አቶ በየነ ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብለው ወይዘሮ ኮከብንና አቶ ሀያቱን ጠርተው፣ «ሣጥኑ ሲወርድ ጀርባችሁን ስጡኝ። ይቺን አጭር ምት ብቻዬን ልምታት» ብለዋቸዋል። ስለዚህ ውድ ለቀስተኞች፣ አስከሬናቸው ሲወርድ ቤተሰቡ ፊቱን ወደ ዛፎቹ ሲያዞር አብራችሁ እንድትዞሩ በትሕትና እንጠይቃለን። በ2005 ዓ.ም. ኳሷ ሳትገባ ተሳስተን «ሃሌ ሉያ» ብለን ነበር። ዛሬ ግን ዞረን ሳለን በሙሉ ድምፃችን እንበለው፤ አንሳሳትም፤ እሳቸው ገብተዋል።